ጋሼ ዘለቀ የዳኙት ልብ ወለድ

ባለፈው ጥር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ገላን ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ከሕንፃው ሥር፣ በፀጉር ቤቱና በአትክልት መሸጫው መካከል፣ አንድ ሰው ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። የሆነ ጓዳ ውስጥ የከረሙ መሰለኝ፤ ገና ሳልደርስባቸው የሻገተ ወረቀት ሽታቸው ደረሰኝ። ጎንበስ ብዬ ሳገላብጥ «እስክንመረቅ»ን አገኘሁት። ሽፋኑ ያው ነው፦ ደብተሮች የታቀፈች ልጅ፣ ከኋላዋ አጥር ተደግፎ የሚያያት ወንድ ልጅ። ገዛሁት። ታክሲ ውስጥ ጀምሬው በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት።

ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተሉ ሳነበው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ክፉ መጽሐፍ አይደለም። የተለየ መጽሐፍም አይደለም። ኤደን የምትባል ተማሪ ያሬድ የሚባል ተማሪ ትወዳለች፤ እናቷ ታማለች፤ ማትሪክ ደርሷል። ደራሲው ዝናብ ይወዳል፤ ሰው በተጣላ ቁጥር ይዘንባል። ይህንን የሚያህል ነገር አንድ ሠፈር ሙሉ ማነጋገሩ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይገርመኛል። ግን አነጋግሯል። እኔም ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ሰባተኛን በምጠብቅበት ክረምት መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ ከነጎዶሎው።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ ነበር። እማዬ ክር ፋብሪካ በሽፍት ትሠራለች። አባታችን እኔ በቅጡ ሳላውቀው ስለሞተ ቤቱ የእሷ፣ የእህቴ የትርሲትና የኔ ነበር። ትርሲት አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ አሥራ ሁለተኛን ትጠብቃለች። ፀጉሯን ለመሥራት አንድ ሰዓት የሚፈጅባት፣ እኔን ለማባረር ግን አንድ ቃል የሚበቃት ዓይነት እህት ነበረች።

በዚያ ዓመት ስለ መጽሐፉ ያልሰማ አልነበረም። የሴት ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ በጋዜጣ ተሸፍኖ ይዞራል። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ሰልፍ ላይ «ያ መጽሐፍ» እያሉ አስጠንቅቀዋል። የእድር ሴቶች ያወሩበታል። ባለሱቁ ከድር ሁለት ተማሪዎች ደጁ ላይ ቆመው አንድ ገጽ ለሁለት ይዘው ሲያለቅሱ አይቻለሁ ብሎ ለእማዬ ነግሯታል። ከወንዙ ማዶ አንዲት ልጅ ከቤቷ ጠፍታ በሄደች ጊዜ ደግሞ ነገሩ አበቃለት፤ «እሱን አንብባ ነው» ተባለ። ከሚያወሩት ትልልቅ ሰዎች መካከል ግን አንብቤዋለሁ የሚል አልሰማሁም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ፀሐይ የወጣ ጠዋት እማዬ ፍራሽ ልታሰጣ የትርሲትን አልጋ አነሳች። መጽሐፉ እዚያ ነበር። ስታራግፈው ከመካከሉ በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ወደቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው» አለች ትርሲት።

«መጽሐፍ መሆኑንማ አያለሁ።»

እማዬ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች፣ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ወረቀቱንም እንዲሁ፣ ግቢው መካከል ቆማ አነበበችው፦ «ኤደኔ፣ ክረምቱ ከአሁኑ ረዘመብኝ። ያሬድሽ።»

«ኤደን ማናት?»

«የመጽሐፉ ልጅ ናት።»

«የመጽሐፍ ልጅ ደብዳቤ ይጻፍላታል?»

እማዬ አላመነችም። እኔ ግን አመንኩ። ያሬድ የሚባል ልጅ በእርግጥ እንዳለ፣ መጽሐፉ ስለሱ እንደተጻፈ፣ ደብዳቤውም ለኤደን ተጽፎ በስህተት እኛ ቤት እንደመጣ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ለመቅዳት ስወጣ አጥር የተደገፈ ረጅም ልጅ ባየሁ ቁጥር አተኩሬ አየው ነበር።

እማዬ ውሳኔዋን ያን ቀን ከሽፍት ስትመለስ ተናገረች። ናዝሬት ሱቅ ያላት አክስታችን የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች፤ ትርሲት ትሄዳለች፤ አሥራ ሁለተኛንም እዚያው በማታ ትማራለች። ትርሲት ሳህን እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን ሳታቋርጥ «የማታ ተምሮ ማትሪክ ያለፈ ማን አለ?» አለች። ድምጿ የሰው ድምጽ አይመስልም ነበር። ማትሪክ አልፋ ዩኒቨርሲቲ መግባት የምትፈልግ ልጅ ናት፤ ከክፍሏ ከሦስተኛ ወርዳ አታውቅም።

በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ያለ ጋሼ ዘለቀ አይወሰንም። ጋሼ ዘለቀ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እማዬ መጽሐፉንና ወረቀቱን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እኔንና ትርሲትን ከኋላዋ አስከትላ ቤታቸው ሄደች።

ጋሼ ሁሉንም ሰሙ። መጽሐፉን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት፤ ማየት እንኳ አይችሉም፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ለመስከረም የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘዋል።

«አንብበሽዋል?» አሏት።

«ምን ላድርግ ብዬ ነው የማነበው፣ ወንድም ጋሼ? አገሩ ሁሉ እያወራው!»

«አገሩ ያውራ። እኔ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ስሠራ ትኬቱን ሳላይ ማንንም አውርጄ አላውቅም። መጽሐፉ ይነበብልኝና እነግርሻለሁ።»

«ማን ያነብልዎታል?»

ትርሲት ቀና አለች። እማዬ «እሷማ አይሆንም» አለች። እማዬና ትርሲት፣ ጋሼም በግምት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ገና ልጅ ናት» አለች እማዬ። «ምን ይገባታል ብለው ነው? ፊደሉን ትጥራልዎት እንጂ።»

እንዲህ ሆኖ የክረምት ሥራዬ ሆነ። ሐምሌንና ነሐሴን፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ የላስቲክ ጫማዬን አድርጌ ጭቃውን እያቋረጥኩ የባቡር ሠፈር እወርዳለሁ። የጋሼ ቤት የድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ቤቱ ቪክስና ጤና አዳም ይሸታል። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደራርበው ይቀመጣሉ፤ እኔ ዱካ ላይ ፊት ለፊታቸው።

«ትናንት የት ወረድን?» ይላሉ።

«ኤደን ላይብረሪ ስትገባ።»

«ተሳፈሪ።»

አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነገሩኝ። ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን ከሆኑና ከመሸ፣ ወይም በር ከተዘጋ፣ ያንን እዘላለሁ። ሰው ሲጨመርላቸው ወይም ሲነጋ እቀጥላለሁ። የዘለልኩበት ገጽ ላይ የክብሪት እንጨት አስቀምጥ ነበር፤ ምናልባት ፍርድ ሲሰጡ ይፈልጉት ይሆናል ብዬ።

እነዚያን ገጾች ሰርቄ አላነበብኳቸውም። ጨዋ ስለነበርኩ አይደለም። እማዬ ሁልጊዜ «ወንድሜ ዓይኑን ያጣው በንባብ ነው» ስትል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ሲያነብ አያለሁ፤ መምህሮቻችን ያነባሉ፤ ቄሶች ያነባሉ፤ ዓይናቸው አልጠፋም። ስለዚህ ዓይን የሚያጠፋ የተለየ ገጽ አለ ማለት ነው፤ ጋሼ ዘለቀ በወጣትነታቸው እሱን አንብበዋል፣ አሁን እኔን እየጠበቁኝ ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። «ዝለዪ» ባሉኝ ቁጥር አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቢጠፋም አንዱ ይተርፈኛል በሚል፣ በሌላው ብቻ የንጋቱን ቦታ እፈልጋለሁ።

ችግሩ ዝናቡ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ጋሼ ግን መቋረጥ አይወዱም፤ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ!» ይላሉ። ያሬድ ለኤደን የልቡን የነገራት በቀን፣ ሰው በሞላበት ላይብረሪ ውስጥ ስለሆነ በሕጉ አይዘለልም። የንባቡ ቀን ግን ዝናባማ ሆነ። «ከአንቺ ሌላ ማንንም አልወድም አላት!» ብዬ በጉሮሮዬ ሙሉ ስጮህ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብለው መጡ። ጋሼ በሩን ሳይከፍቱ «ምንም አልሆንን፤ ንባብ ነው» አሏቸው።

መጀመሪያ የሚሰሙት እንደ ተቆጣጣሪ ነበር። ስህተት ይለቅማሉ። አንድ ምዕራፍ ላይ ኤደን የታመመች እናቷን ለማየት በባቡር ወደ ድሬዳዋ ትሄዳለች፤ ደራሲው ባቡሩን ሞጆ ላይ ሳያቆም አሳለፈው። «ይሄ ሰው ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም!» ብለው ከዘራቸውን መሬት መቱ። ለሁለት ቀን ያህል ባቡሩ የሚቆምባቸውን ጣቢያዎች ሲነግሩኝ ዋሉ፤ ንባብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ለውጥ አየሁ። በጊዜ ስደርስ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። «ትናንት የት ወረድን?» ማለት ትተው «እናትየው እንዴት አደረች?» ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን ዓይናቸው ሲያነባ አየሁና ሞራው እየቀለጠ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለእማዬም ነገርኳት። እማዬ «ሞራ አይቀልጥም» አለች።

እኛ ቤት በዚያው ሰሞን ንግግር አልነበረም። ትርሲት ከግቢ እንዳትወጣ ተከልክላለች። ስፌት ትሰፋለች፣ የሚታጠብ ታጥባለች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሳ ታነባለች፤ ከእማዬ ጋር የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «ለእህትሽ ጨው አልቋል በያት።» ሁለት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ።

ነሐሴ ከገባ፣ ፍልሰታ ከተያዘ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኤደን በአንድ ዝናባማ ምሽት ያሬድ የተከራየው ክፍል ድረስ ብቻዋን ሄደች። በሩን አንኳኳች። ከፈተላት። «ዝለዪ» አሉ ጋሼ፣ ቶሎ ብለው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ገጽ ገለጥኩ፤ የክብሪት እንጨት አስቀመጥኩ። በሚቀጥለው መስመር ኤደን መንገድ ላይ ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ዝናብ ላይ እያለቀሰች ትሮጣለች።

ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«በቃ። ልጅቱ ወደቀች» አሉ።

መስመሩን መልሼ አየሁት። መውደቅ የሚል የለም። «ምኗን ተመታች?» አልኩ።

«ዝም ብለሽ አንብቢ።»

አነበብኩ፤ እሳቸው ግን እየሰሙ አልነበረም። በሚቀጥሉት ሁለት የንባብ ቀናትም እንዲሁ። እናትየው እንዴት አደረች አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን እማዬ ስትመጣ በሩ ላይ ጠብቀው አነጋገሯት፤ እኔ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው። «ጥሩ ልጅ ነበረች» አሉ፤ ስለ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። «እንዳልሽው አድርጊ።»

ያን ዕለት እማዬ ከአልጋ ሥር ሻንጣ አወጣች። የናዝሬት አውቶቡስ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ትርሲት ግቢው ውስጥ ልብሷን ታጥባለች፤ የምትሄድበትን ልብስ። እኔ ውኃ አቀብላለሁ። እስከዚያ ቀን ስለ መጽሐፉ ጠይቃኝ አታውቅም፤ የታሰረ ሰው ዳኛው ቤት ምን እንደተባለ መጠየቅ የሚፈራ ይመስለኛል። ያን ጠዋት ግን የሚያስፈራት ነገር አልቀረም።

«የት ደረሳችሁ?»

«ኤደን ወደቀች።»

«ምን?»

«ያሬድ ቤት ሄዳ። ጋሼ ናቸው ያሉት፤ ወድቃለች። ከዚያ በኋላ መስማት ተዉ።»

ትርሲት እጆቿን ከአረፋው አወጣች። «ምን ብለሽ ነው ያነበብሽላቸው?»

«አላነበብኩም። ዝለዪ አሉኝ።»

«አላነበብሽም? የክፍሉን ገጽ አላነበብሽም?» ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ራሄል፣ መጽሐፉ ያለው እኮ እዚያ ነው። ልትነግረው ነው የሄደችው። ፈተናው እስኪያልፍ አልመጣም ልትለው ነው የሄደችው! አትወድቅም። ማንም አይወድቅም።»

«ታዲያ ለምን ትሮጣለች?»

«ስለምትወደው ነዋ።»

ይሄ መልስ አልገባኝም፤ መሮጥ ያለባት ወደሱ ነው። ትርሲት ግን እጄን ይዛኛለች፤ እጇ ሳሙና ነው፣ ያዳልጣል። «ዛሬ አንብቢላቸው። እሺ? ዝለዪ ቢሉሽም አንብቢው።»

«ዓይኔ ይጠፋል።»

«ምን?»

ነገርኳት። ስለ ጋሼ ዓይን፣ ስለ ገጾቹ፣ አንዱን ዓይን ስለመጨፈን። ትርሲት ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር፤ ድንጋዩን ይዛ ነው የሳቀችው፤ መጨረሻው ላይ ማልቀስም ነበረበት። ከዚያ ፊቷን ወደኔ አስጠጋች።

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዓይኔን እይው።»

አየሁት። ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ። ቡናማ ናቸው፤ ነጩ ትንሽ ቀልቷል። ደህና ነበሩ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ዘለቀ ዘንድ ስደርስ እንደ ወትሮው በሩ ላይ አልነበሩም፤ አልጋቸው ላይ ወደ ግድግዳ ዞረው ተኝተዋል። «ዛሬ ይቅር» አሉ። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን የክብሪት እንጨቱ ጋ ከፈትኩ። ሁለቱም ዓይኖቼ ተከፍተዋል። 

«‹በሩን ከፈተላት› » ብዬ ጀመርኩ። « ‹ግቢ እንጂ፣ በሰበሰሽ› አላት። »

«እሱን አልፈነዋል።»

« ‹አልቀመጥም አለች። ደብተሩን ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው።› »

«አንቺ ልጅ! ዝለዪ ብያለሁ።»

ጋሼን እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም እምቢ አላልኩም፤ ዝም ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ዝናብ ሳይኖር እንደ ዝናቡ ቀን እየጮህኩ። ኤደን ከበሩ አጠገብ ቆማ እናቷ ስለተኛችበት ሆስፒታል ነገረችው። ፈተናው እስኪያልፍ እንደማትመጣ ነገረችው። ያሬድ ተቆጣ፤ ከዚያ ለመናት። እሷ አይሆንም አለች። ከዚያ ልትወጣ ስትል ጉንጯን ሳማት። ይሄንንም አነበብኩት። 

አልጋው ተንቋቋ። ጋሼ ተነሥተው ተቀምጠዋል።

«ድገሚው።»

ቅጣት መሰለኝ። ደገምኩት፤ ጉንጯን ሳማት።

«ከዚያስ?»

«ወጣች። ዝናብ ላይ። ጫማዋን አወለቀች፤ ተረከዙ ተሰብሮ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ።»

«ሌላ የለም? ሳታይ ያለፍሽው ገጽ የለም?»

«የለም። በሁለቱም ዓይኔ ነው ያነበብኩት።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ያቺን ልጅ ያለ ጥፋቷ ሜዳ ላይ አወረድኳት» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ፤ አቀበልኳቸው። «ስንት ቦታ ነው የዘለልነው?»

የክብሪት እንጨቶቹን ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ።»

«ሁሉንም።»

ረቡዕንና ሐሙስን ፈጀብን። አንዳንዱ ከክፍሉ ገጽ የባሰ ነበር፤ አንዱ ላይ ጋሼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስለዋል፤ እኔም ከቃላቱ ግማሹ አልገባኝም። አብዛኛው ግን ሁለት ልጆች ጨለማ ውስጥ ቆመው ስለ ፈተና ሲያወሩ ነው። ሐሙስ ማምሻ ላይ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨረስን። ኤደንና ያሬድ ይመረቃሉ፤ ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም የሚለውን ደራሲው በግልጽ አልተናገረም። ጋሼ በዚህ ተናደዱ።

ዓርብ ክንዴን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ጭቃው ስለማይታያቸው ጉድጓዱ ሁሉ ላይ እያስቆምኳቸው ነበር። እማዬ ከሽፍት ገና መግባቷ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ትርሲት ጥግ ላይ ናት።

«ተሳስቻለሁ» አሉ ጋሼ፣ ገና ሳይቀመጡ። «በመጽሐፉ ውስጥ ለልጅ የማይነገር ነገር አላገኘሁም። አንድ ሁለት ቦታ አለ፤ እሱም ከሠርግ ዘፈን አይብስም። ልጅቱ አንቺ ትርሲትን ሁኚ የምትያት ዓይነት ልጅ ናት። እንደውም ከአንቺ ትብሳለች፤ ለራሷ አትራራም።»

«ታዲያ ደብዳቤውስ?» አለች እማዬ።

«እኔ የተጠየቅኩት ስለ መጽሐፉ ነው። ደብዳቤውን እሷን ጠይቂያት። እስካሁን ጠይቀሻታል?»

 እማዬ ከፀጉሯ ላይ ጥጥ ለቀመች። ያን ዕለት ትርሲትን አልጠየቀቻትም፤ በማግስቱም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ገብቷል፤ የትርሲት ልብስ ገመድ ላይ እንደገና ተሰጥቷል፤ አውቶቡሱ ሄዷል።

መስከረም ገባ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትርሲት የመጀመሪያው ሰኞ ዩኒፎርሟን ሁለት ጊዜ ተኩሳ፣ ለሴት ልጅ በጠዋት የማያስፈልግ ያህል ቅባት ተቀብታ ሄደች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለሰች። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ጣለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

የእኔ ትምህርት ከሰዓት ስለሆነ ቤት ነበርኩ። እማዬም የሌሊት ሽፍት ስለነበራት ቤት ናት፤ ሌላኛው አልጋ ላይ ለመተኛት እየተሰናዳች። ትርሲት አታለቅስም። ትከሻዋ ብቻ በየጊዜው ይነሣል።

ምን እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ደብዳቤውን የጻፈላት ልጅ የለም። አባቱ ሥራ ተቀይሮ ቤተሰቡ በነሐሴ ወደ አዋሳ ሄዷል። ትርሲት ግቢ ውስጥ ተዘግታ በነበረችባቸው ሳምንታት። መልእክት አላስቀመጠም፤ ወይም አስቀምጦ የሚያደርስ አላገኘም፤ እሷ ይሄንን አታውቅም። ከክፍሉ ልጆች አንዷ በሰልፍ ላይ «አልሰማሽም እንዴ?» አለቻት። በቃ፣ እንዲህ ነው የሰማችው።

እማዬ ብዙ ጊዜ ቆማ አየቻት። እቆጣለሁ የምትል ፊት ነበራት መጀመሪያ፤ ከዚያ እሱም ሄደ። ነጠላዋን አወለቀች፤ መልሳ ለበሰችው። እኔን አየችኝ፤ ውጪ እንድወጣ ሳትነግረኝ ረሳችኝ። ከዚያ ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የትርሲትን ጫማ ክር መፍታት ጀመረች።

አንዱን ጫማ አወለቀችላት። ሁለተኛውን ያዘች። ክሩ ተቋጥሮ ነበር፤ አጎንብሳ በጥርሷ ፈታችው።

«ረጅም ነው?» አለች።

የትርሲት ትከሻ ቆመ። መስማቷን አወቅን።

«ልጁን ነው የምልሽ። ረጅም ነው?»

 ከግድግዳው በኩል፣ በአፍንጫ የተዘጋ ድምፅ፦ «አጭር ነው።»

«ከአንቺ ያንሳል?»

«በትንሽ።»

እማዬ ጫማዎቹን ጎን ለጎን መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። «ስሙስ?»

«ታምራት።»

«ጥጋ በይ» አለች እማዬ። ትርሲት ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ እማዬ በተረፈው ቦታ፣ ከነነጠላዋ፣ ከጀርባዋ ጋደም አለች። አልጋው ለሁለት አይበቃም፤ አንድ እግሯ ውጪ ቀርቷል። «ንገሪኝ» አለቻት። «ምን ይመስላል?»